ምድጃችን የታሰረበት መርከብ

ውድ ሂሩቴ፣

እንዴት ነሽ? ዳዊትስ? ልጆቹስ አደጉ? ይህን ስጽፍ ፊቴ እየነደደ ነው። እማማ አስካለ ያረፉ ጊዜ በስልክ አለቀስኩልሽ እንጂ አልመጣሁም። ለአርባቸው እመጣለሁ አልኩ፤ ቀረሁ። ለሙት ዓመታቸውም ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር «ምን ብዬ?» እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ።

ባለፈው ሳምንት ግን አንቺው ቀደምሽኝ። «በነሐሴ ከጋልቬስተን በመርከብ ልንሄድ ነው። መንገዱ የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ምናምን ነው። እትዬ ዘውዴም ከአዲስ መጥተዋል፣ ይዘናቸው ነው። አንቺ ሄደሽ ነበር አሉ፤ ምን ልያዝ?» ወቀሳ የለ፣ ኩርፊያ የለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በቴሌግራም ሁለት መስመር ጽፌ ልገላገለው አልፈለግኩም። ይኸው ረጅሙን መልስ ውሰጂ።

ስለ ሻንጣ ከማውራታችን በፊት ተነሺና የእትዬ ዘውዴን ፓስፖርት አምጪ። የምሬን ነው። ቪዛቸው ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል የሚናገር ቦታ አለ። «ኤም» የሚል ፊደል ካለ ብዙ ጊዜ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያቺን አንዷን ከቦሌ ሲመጡ ተጠቅመውባታል። ሰው «መርከቡ እዚያው ተመልሶ ይመጣ የለ እንዴ?» ይላል። ይመጣል። ኮዙሜል ሲደርስ ግን ከአሜሪካ ወጥተዋል፤ ሲመለሱም እንደማንኛውም መንገደኛ ኢሚግሬሽን ፊት ይቆማሉ። ስለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳትጠይቂ ቀሪውን ብር እንዳትከፍዪ። ትኬት የሚሸጥልሽ ሰው «ችግር የለውም» ቢልሽ አትስሚው፤ እሱ ብርሽን አይመልስልሽም።

ለእናንተ ለዜጎቹ ቀላል ነው። ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ለሚመለስ ጉዞ የልደት ምስክር ወረቀትና መታወቂያ ይበቃል ሲሉ ትሰሚያለሽ። እሱ ግን እዚህ ለተወለደ ነው። የእኔና የአንቺ የልደት ወረቀት አዲስ አበባ ነው የሚለው። ደግሞም አንዳችሁ ታማችሁ ሜክሲኮ ብትቀሩ በአውሮፕላን የምትመለሱት በፓስፖርት ነው። ሁላችሁም ፓስፖርት ያዙ፤ የሚያበቃበት ቀን ከጉዞው በኋላ ስድስት ወር ቢተርፈው ጥሩ ነው።

የስማችን ጣጣም አለ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። አንቺ በአባትሽ ስም፣ ልጆቹ በዳዊት ስም ናችሁ። እኛ ዘንድ ይህ ምንም አይደለም፤ የወደቡ ሠራተኛ ግን «የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ?» ቢል አይፈረድበትም። የልጆቹን የልደት ወረቀት ያዢ። ዳዊት እንደ ልማዱ በመጨረሻው ሰዓት ሥራ መጣብኝ ካለ ደግሞ ለልጆቹ የፈቃድ ደብዳቤ ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ ይስጥሽ።

አሁን ወደ ምድጃው።

እኛ የተነሳነው ከማያሚ ነበር። እማዬ፣ እኔ፣ እህቴና ሁለቱ ልጆቿ። ሻንጣ ወደቡ ላይ ታግ ታስሮበት ይወሰድና ከሰዓታት በኋላ ክፍልሽ በር ላይ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ቻርጀርና የልጆቹ የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የሁላችንም ሻንጣ መጣ፤ የእማዬ ብቻ ቀረ። እራት በልተን ተመለስን፤ የለም። ስንጠይቅ «ታች ፀጥታ ክፍል ተይዟል፣ ባለቤቷ መጥታ ትክፈተው» አሉን።

ወረድን። ክፍሉ በካውያ፣ በውኃ ማፍያና በመጠጥ ጠርሙስ ተሞልቷል። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ሻንጣዋን ከፈተች። ፎጣ ውስጥ የተጠቀለለ ጀበና። ስድስት ስኒ። ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና። በፌስታል የታሰረ ዕጣን። ከሥር ደግሞ ያቺ ትንሿ የኤሌክትሪክ ምድጃ! ለእኛ ትንፍሽ አላለችም ነበር። ጎረምሳው ጥበቃ ጀበናውን አንስቶ በአንገቱ ወደ ውስጥ አየ፣ ገልብጦ ቂጡን አየ፣ አሸተተው። «ምንድን ነው?» አለኝ። «ቡና ማፍያ» አልኩት። ጀበናው ሸክላ ስለሆነ ተለቀቀ። ምድጃዋና ዕጣኑ ግን ታሰሩ፤ ደረሰኝ ጽፎ ስንወርድ እንደምንወስዳቸው ነገረን።

መርከብ ላይ እሳት ቀልድ አይደለም። ጭሱን ሸሽተሽ የምትወጪበት ደጅ የለም። ስለዚህ የሚግልና የሚጨስ ነገር ብዙው ክልክል ነው፦ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ውኃ ማፍያ። እማዬ ግን አልገባትም። «ያለ ምድጃ ጀበና ምን ሊሠራ ነው? የአበባ ማስቀመጫ?» አለች። እውነትም ሆነ። ክፍላችንን የሚያጸዳው የኢንዶኔዥያ ልጅ በማግስቱ ጀበናውን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦ፣ ከጎኑ በፎጣ የተሠራ ዝሆን አቁሞልን ሄደ። እማዬ ያን ቀን ወደደችው። ከዚያ በኋላ «ልጁ ይደክማል» እያለች አልጋዋን ራሷ ታነጥፍ ጀመር። ልጁም ያነጠፈችውን አፍርሶ እንደገና ያነጥፋል። እንዲህ ሲፎካከሩ ሳምንቱ አለቀ።

ለእትዬ ዘውዴ ተቆልቶ የተፈጨ፣ የታሸገ ቡና ያዢላቸው። ፍል ውኃ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሌት ተቀን አለ። እንጀራም ሆነ ሌላ ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም፤ ፋብሪካ ያሸገው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። እኔ የታሸገች ሚጥሚጣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች፤ እሷ ባትኖር ያን ሁሉ አልጫ ዓሣ ማን ይበላው ነበር? ስትመለሱ ደግሞ መርከቡ ላይ ያገኛችሁትን ሙዝ እንኳ ይዛችሁ አትውረዱ፤ ፍራፍሬ ማስገባት ያስቀጣል።

ነሐሴ ካልሽ ፍልሰታ ላይ ልትወድቁ ነው። አትጨነቂ፤ መጾም ይቻላል። ትኬቱን ስትቆርጪ አስመዝግቢ፤ በመጀመሪያው እራት ደግሞ ለአስተናጋጆቹ አለቃ ንገሪው። «ቬጋን» በይ። «ቬጀቴሪያን» ካልሽ እንቁላልና ዓይብ ይዞልሽ ይመጣል። ለእማዬ የነገውን ዝርዝር ማታ እያመጣ ያስመርጣት ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ሕንዳዊው አስተናጋጅ የአገሩን ምስር አሠርቶ አቀረበላት። ቀመሰችና «የእኛው ምስር ወንድም ነው» አለች።

ሰዓት ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። መርከቡ የራሱ ሰዓት አለው፤ ወደብ ስትደርሱ ስልክሽ የአገሩን ሰዓት ሊያሳይሽ ይችላል። ኮዙሜል ላይ «ሁሉም ሰው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መርከብ ውስጥ ይገኝ» ተብለናል። እኔ ስልኬን አየሁ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልሆነም። የብር አምባር እየለካሁ ዘና ብያለሁ። እማዬ ጠዋት ከመርከቡ ሰዓት ጋር ያስተካከለቻትን የእጅ ሰዓቷን አየችና «አንቺ ልጅ፣ አሥር ሊሆን አሥር ጉዳይ ነው!» አለች። ስልኬ አንድ ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ኖሯል። ታክሲ ውስጥ ማን እንዳስገባኝ አላውቅም። ስንደርስ መሰላሉን ሊያነሱ ሲዘጋጁ ነበር። እኛ ከገባን በኋላ ላይ ቆመን አንድ ባልና ሚስት ዕቃ በፌስታል ተሸክመው ሲሮጡ አየን። መርከቡ ለእነሱ አልጠበቀም።

በዚሁ ምክንያት ጋልቬስተን ከአንድ ቀን በፊት ግቡና እደሩ። ከዳላስ አምስት ሰዓት መንዳት ነው፤ ጎማ ቢፈነዳ፣ መንገድ ቢዘጋ ማንም አይሰማችሁም። ወቅቱም የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከሰኔ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። ካፒቴኑ መንገዱን ቢቀይር ወይም አንዱን ወደብ ቢዘል ውሉ ይፈቅድለታል። የጉዞ መድን ግዢ፣ በተለይ ለእትዬ ዘውዴ። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ፤ የሚያስከፍለው ግን የሐኪም ብቻ አይመስልም። በሄሊኮፕተር መወሰድ ከመጣ ደግሞ ቤት ያሸጣል።

እንደገባችሁ የአደጋ ልምምድ አለ። ልጆቹ ይሰላቻሉ፤ አንቺ ግን ያዢያቸው። ሰባት አጭር ፊሽካና አንድ ረጅም ከሰማችሁ የምትሰባሰቡበትን ቦታ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል መርከብ ጣሊያን ውስጥ ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ድንጋይ ገጭታ ስትጋደም 32 ሰው ሞቷል። ያን ዕለት ከተሳፈሩት ብዙዎቹ ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። አሁን መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ግዴታ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ገንዘቡን ባጭሩ ልንገርሽ። «ሁሉም ተከፍሎበታል» የሚሉት ምግቡንና አልጋውን ነው። ቲፕ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ይቆረጣል፤ ለልጆቹም ጭምር። ለስላሳ፣ ማኪያቶ፣ ኢንተርኔት፣ ፎቶ፣ ሁሉም ለብቻው ነው። እጅሽ ኪስሽ አይገባም፤ የክፍሉን ካርድ ብቻ እያሳየሽ ስለሆነ ማታ ማታ ሒሳብሽን እዪ። የልጆቹን ካርድ አዘጊው። ስልኮቹን ወደቡን ሳትለቁ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊ። የእህቴ ልጅ ረስቶ ያመጣብን ሒሳብ ለአንድ ሰንጋ ይበቃ ነበር።

ማቅለሽለሽን ከፈራሽ ታችና መሃል ያለ ክፍል ያዢ፤ እዚያ መርከቡ ብዙም አይወዛወዝም። ክኒኑን ከመቅለሽለሽሽ በፊት ዋጪ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ መርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ በሽታ በር ላይ የሚረጩልሽ ጄል ብዙም አይበግረውም።

አንድ ማታ እማዬ ላይኛው ፎቅ ላይ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ምንም አይታይም፤ ጥቁር ብቻ። «ልጆቻችን በጀልባ የሚሻገሩት ይህንን ነው?» አለችኝ። «አይ፣ እሱ ሌላ ባሕር ነው» አልኳት። «ባሕር ባሕር ነው» ብላ አማተበችና ገባች። በማግስቱ ስለሱ አላነሳችም። እትዬ ዘውዴም ዝም ካሉ ተያቸው።

የመጨረሻው ማታ ሻንጣችሁን በር ላይ አውጡ ይሏችኋል። ሌሊት ይሰበስቡትና ጠዋት ወደቡ ላይ ታገኙታላችሁ። ለጠዋት የምትለብሱትን አስቀሩ! እኔ ሁሉንም አጥፌ፣ ቆልፌ፣ ኮራ ብዬ አወጣሁ። ጠዋት ፒጃማዬን ለብሼ ቁም ሳጥኑን ስከፍት የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽክ ተብሎ ለሚቀረብበት ራት የለበስኩት፣ እንዳይጨማደድ ብዬ የሰቀልኩት የሐበሻ ቀሚሴ። በእሱና በዋና ነጠላ ጫማ ማያሚ ኢሚግሬሽን ፊት ቀረብኩ። መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። እማዬ ከኋላዬ «እልል» ልትል ምንም አልቀራት። እጇ ላይ ደረሰኟን ይዛለች። ከኢሚግሬሽኑ በፊት ምድጃዋን ተቀብላ፣ ዞር እያደረገች ፈትሻ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር።

ሂሩቴ፣ ከመርከብ የምትመለሱበትን ቀን ጻፊልኝ። የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ዳላስ እመጣለሁ፤ ለሥራ ቦታዬ ተናግሬያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እማማ አስካለ መቃብር ትወስጂኛለሽ። ከዚያ ቤትሽ ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። ምድጃዋን ይዤ እመጣለሁ።

ያንቺው
አልማዝ