ሆድ ይፍጀው አትበይ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከጥቅምት ወዲህ በሰገራዬ ደም አላየሁም፣ ሌሊትም ሆዴ አያስነሳኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ «ሁሉም ሰላም» ብለሽ ስለምትዘጊው ነው። እጅሽ ከተሰበረ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው የሰማሁት ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከደባርቅ ከመጣች ነጋዴ ነው። «ሐኪም መጨነቅ ከልክሏታል፣ እንዳትነግሯት» ብለሽ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ምን ደብቃኝ ይሆን እያልኩ ነው የማነሳው። «ሆድ ይፍጀው» ትያለሽ፤ የእኔ ሆድ እንደሆነ የሚፈጀው አላጣም።

እናቴ፣ ይህን በሽታ ሐሳብ አላመጣውም። መጀመሪያ አሜባ ነው አሉኝ፣ ቀጥሎ ጨጓራ። ኋላ በካሜራ ሲታይና ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ትልቁ አንጀቴ ቆስሎ ተገኘ። ሰውነቴ የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ነው የሚወጋው። በርበሬሽም፣ ለአባቴ ያለቀስኩትም የለበትም። ጭንቀት የተኛውን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ መድኃኒት ማቋረጥም እንዲሁ። አምና ዳንኩ ብዬ ሜሳላሚኑን ተውኩትና በክረምቱ ጣለኝ። ያኔ የታዘዘልኝ ፕሬድኒሶሎን ፊቴን እንደ ድፎ ነፍቶት ለእንቁጣጣሽ ብመጣ «ወፈርሽልኝ!» ብለሽ እልል አልሽ። የዚያን ቀን አላሳቀኝም፤ አሁን ብቻዬን ያስቀኛል።

የእኔ ጭንቀት ምን መሰለሽ? መጸዳጃ ቤት ነው። በሽታው ተኝቶም ፍርሃቱ አይተኛም። አምና በከተራ ታቦቱን አጅበን ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲዘምር እኔ የማን በር ክፍት እንደሆነ ነበር የምፈልገው። ዘንድሮ አፍሬም ቢሆን ለጓደኛዬ ነገርኳት። መንገዱ ላይ ያለውን የአክስቷን ቤት አስቀድማ ለመነችልኝ። አንዴም አልገባሁበት! እንዳለ ማወቄ ብቻ በቃኝ፤ እንደ ልጅነቴ ስጨፍር ዋልኩ።

ስለ ጾሙ አታስቢ፣ ከንስሐ አባቴ ጋር ተነጋግረናል። ጠዋት ጠዋት እስከ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ እንቅልፌም ተመልሷል።

አሁን አንች ተናገሪ። ጀሶው መቼ ይወጣል? ጣቶችሽ ይጨበጣሉ? ሌሊት ይጠዘጥዝሻል? እንጀራውን ማን ነው የሚጋግረው? ታናሽ ወንድሜ ይጻፍልሽ፤ ሳያሳምር፣ እንዳልሽው ይጻፈው።

ልጅሽ፣ ከጎንደር