የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሳይንስ ዕቅድ ከሙከራው ቀን ይነሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነሐሴ ሲጋመስ በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሳይንስ መምህራን ለመጪው ዓመት ዕቅድ ማውጣት ይጀምራሉ። በአብዛኛው የሚሠራበት መንገድ የታወቀ ነው። የመጽሐፉ ገጽ ለሳምንታት ይካፈላል፤ ምዕራፉ በተራው ይደረደራል፤ "የትምህርት መርጃ" የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች "መጽሐፍና ጠመኔ" ተብሎ ይሞላል፤ ይፈረምና ፋይል ይገባል። በዚህ ዓይነት ዕቅድ ውስጥ የተጠቀሰ ሙከራ ቀኑ ሲደርስ አይሠራም፤ ዕቃው አልተገዛም፣ ወቅቱም አልታሰበበትም። መምህሩ ሙከራውን ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያልፋል፣ ተማሪው ያላየውን ይሸመድዳል። ዕቅዱ መነሳት ያለበት ተማሪው በዓመቱ ውስጥ በዓይኑ ሊያያቸውና በእጁ ሊሠራቸው ከሚገቡ ሙከራዎች ነው። ገጹ ከዚያ በኋላ ይከፋፈል።

ከሁሉ በፊት ክፍለ ጊዜው በእውነት ይቆጠር። በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ተይዞ ዓመቱ 40 ሳምንት ነው ቢባል በወረቀት ላይ 160 ይገኛል። ከዚህ ላይ ምዝገባውና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንጠባጠብ 8፣ የአጋማሽና የማጠቃለያ ፈተናዎች 16፣ በዓላት 10 ያህል፣ የምዕራፍ ፈተናና እርማት 6 ይወስዳሉ። የሚቀረው 120 ነው። ከእርሱም 100ው ብቻ ተመድቦ 20ው ባዶውን ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ፣ ሙከራ አልሠራ ሲል፣ ርእሱ ለተማሪው ሳይገባው ሲቀር መመለሻው ይህ ነው። 160ውን በርእስ የሞላ ዕቅድ ጥር ሳይገባ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጊዜ ሲያጥር ደግሞ ቀድሞ የሚሰረዘው ሙከራው ነው። ለ8ኛ ክፍል ፈተናው ሰኔ ላይ ስለሆነ አዲስ ርእስ ከግንቦት አጋማሽ ማለፍ የለበትም።

ቀጥሎ ቀናቸው የማይነቃነቅ ትምህርቶች በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ይደረግባቸው። ቀዳሚው የፀሐይና የመሬት ትምህርት ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 7 ገደማና ነሐሴ 22 ገደማ፣ በቀጥታ አናቷ ላይ ትቆማለች። ነሐሴ ላይ ተማሪ የለም፤ የሚያዝያውን ግን ማሳለፍ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ብረት ግቢው ውስጥ በቱምቢ ተስተካክሎ ይተከል። አንድ ዲግሪ ቢያዘም ጥላውን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያዛባዋልና እዚህ ላይ መቻኮል አይገባም። ታኅሣሥ 12 የቀትር ጥላው ወደ ሰሜን 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መጋቢት 11 ወደ 17 ያጥራል፤ ሚያዝያ 7 ከብረቱ ሥር ይጠፋል፤ ሰኔ 14 ወደ ደቡብ ዞሮ 25 ያህል ይደርሳል። እነዚህን አራት ቁጥሮች ራሱ ለክቶ የጻፈ ተማሪ የመሬት ዘንግ ያዘነበለ መሆኑን ለማመን የመጽሐፉን ሥዕል አይጠብቅም።

በዚህ ልኬት ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሰዓቱ ነው። የፀሐይ ቀትር ልክ 6 ሰዓት ላይ አይውልም። ሚያዝያ 7 በድሬዳዋ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መጋቢት 11 ወደ 6 ሰዓት ከ20 ይሄዳል፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለ6 ሰዓት 4 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ይሆናል። ስለዚህ ከ5 ሰዓት ከ50 እስከ 6 ሰዓት ከ30 በየ5 ደቂቃው የጥላው ጫፍ ምልክት ይደረግበትና ከሁሉ አጭሩ ይወሰድ። ሰዓቱ የጠዋቱ ፈረቃ ከሚወጣበት ጋር ስለሚጋጭ ከርእሰ መምህሩ ጋር በመስከረም መነጋገር ያሻል። ሚያዝያ 7 በዓል ወይም ደመና ቢሆን ሁለት ቀን ማስቀደም ወይም ማዘግየት ይቻላል፤ ጥላው ከ1 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ሁለተኛው፣ ከቀኑ ይልቅ ቦታው የሚወስነው፣ የውሃ መፍላት ነው። መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ይላል፤ ይህ በባሕር ወለል ላይ ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ድሬዳዋ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ 1,900 ሜትር በምትጠጋው ሐረር ደግሞ 94 አካባቢ። ተማሪው 96 አንብቦ መምህሩ "ቴርሞ ሜትሩ ተበላሽቷል፣ 100 ብለህ ጻፍ" ካለው ዓመቱን ሙሉ የተማረው ሳይንስ እዚያው ፈረሰ። መጀመሪያ ቴርሞ ሜትሩ ይፈተሽ። የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር ኩባያ ውስጥ ተደርጎ፣ ቴርሞ ሜትሩ ለ3 ደቂቃ ይቆይበት፤ 0 ማንበብ አለበት። 1 ካነበበ ከንባቡ ሁሉ 1 ይቀነስ። ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ተጥዶ በየደቂቃው ይነበብ። የቴርሞ ሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች ከነካ ከውሃው ይልቅ የጋለውን ብርጭቆ ስለሚለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ በክር ተንጠልጥሎ መሐል ላይ ይቁም። ንባቡ 3 ጊዜ ሳይለወጥ ሲደገም የመፍያው ነጥብ ያ ነው። ድሬዳዋና ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ቀን ሠርተው ውጤታቸውን በስልክ ቢለዋወጡ የአየር ግፊት ትምህርት ያኔ ይገባል። የ2 ዲግሪ ልዩነት በተፈተሸ ቴርሞ ሜትር በደንብ ይታያል።

ረመዳን በእነዚህ ዓመታት የካቲት አካባቢ ይውላል፤ በየዓመቱም 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ወደ ጥር ይጠጋል። በከተማችን ክፍሎች ብዙ ጿሚ ተማሪ አለ። ስለዚህ ዳቦ አኝኮ ጣዕሙ ሲለወጥ ማየት፣ በምራቅ ስታርች መሰባበር፣ ሮጦ የልብ ምት መቁጠር ከዚያ ወር ይውጡ። የምራቁ ሙከራ እንዲህ ይሠራል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ፈልቶ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ 5 ሚሊ ሊትሩ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ምራቅ ይጨመር፤ በየ2 ደቂቃው አንድ ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ ከአዮዲን ጋር ይደባለቅ። ሰማያዊ ጥቁሩ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ምራቅ ያልገባበት ሁለተኛ ቱቦ ከጎኑ ከሌለ ግን ሙከራው ምንም አያስረዳም። ለአዮዲኑ ከፋርማሲ የሚገዛ ቤታዲን አንድ እጅ በ10 እጅ ውሃ ቀጥኖ ይበቃል። ሳይቀጥን ራሱ ጥቁር ስለሆነ ለውጡ አይለይም፤ ስታርቹ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው ቀለም ጨርሶ አይወጣም። በግንቦት የድሬዳዋ ክፍል ሙቀት ለዚህ ሙከራ ራሱ ይበቃል፤ ሐረር ላይ ቱቦውን 37 ዲግሪ ያህል በሞቀ ውሃ ውስጥ ማቆም ያስፈልጋል።

የኬሚስትሪውን ክፍል ያለ ውድ ኬሚካል መሥራት ይቻላል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መፈተሻ የግድግዳ ኖራ አለ። 2 የሾርባ ማንኪያ የበረደ (ቀድሞ ውሃ ነክቶት ግለቱ ያለቀ) ኖራ በ1 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ፣ ተከድኖ ያድራል፤ ጠዋት ከላይ ያለው ጥርት ያለ ውሃ ሳይናወጥ ይቀዳል። በቀሰም ሲተነፈስበት ይነጣል። አፍ ተከፍቶ የከረመ ኖራ አየር ላይ ወደ ካርቦኔትነት ስለሚለወጥ አይሠራም። ከነጣ በኋላ ትንፋሹ ከበዛ ደግሞ መልሶ ይጠራል፤ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ መልሱም ለ8ኛ ክፍል ጥሩ ትምህርት ነው። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ስለሚግል ተማሪ ፊት አይቅረብ። የኖራው ውሃም ለአፍና ለዓይን አደገኛ ስለሆነ በቀሰሙ እንዲተነፈስበት እንጂ እንዲሳብበት አይፈቀድ።

ለአሲድና ለቤዝ ከቅመም ሻጭ የሚገዛ ከርከዴ ይበቃል። 5 አበባ በ200 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ለ10 ደቂቃ ይዘፈዘፍና ይጠለል። ሎሚ ሲገባበት ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ በሶዳ ወይም በአመድ ውሃ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከርከዴ ራሱ አሲድ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ትንሽ ሶዳ ሲገባበት ንቅንቅ አይልም፣ መቅጠን አለበት። እዚህ ላይ የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ያስቸግራል፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ይህ ውሃ ቀለሙን ገና ሳይጀመር ያደበዝዘዋል። የዝናብ ውሃ ወይም ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሻላል። ነጩ ቅርፊትም አይጣል፤ ተፍቆ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ይፈላል፣ ጋዙ በቱቦ ወደ ኖራው ውሃ ቢመራ ያነጣዋል።

የቀሩት ብዙ አያስጨንቁም። ስለ ሙቀት መስፋፋት በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር በተቆረቆረች ከተማ ሐዲድን ማስላት ነው፤ 10 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ልዩነት 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ዘር ማብቀል በማሽላ ወይም በባቄላ በማንኛውም ወር ይሆናል። ለሕዋስ ትምህርት ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት ካለው ጋር ቀኑን አስቀድሞ ይዋዋል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የዕቅድ ቅጹ ላይ "የሙከራው ቀን"፣ "ዕቃው ከየት" እና "ቀድሞ የሞከረው መምህር" የሚሉ ሦስት ዓምዶች ይጨመሩ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ዕቅዱ ላይ የሚፈርመው ሦስቱ ሲሞሉ ይሁን። 60 ተማሪ ላለበት ክፍል በ6 በ6 ተከፍሎ 10 ቡድን ይሆናል፤ ቴርሞ ሜትር 3 ብቻ ካለ 3 ቡድን ውሃ ሲያፈላ ሌሎቹ በከርከዴና በኖራ ይሥሩ፣ በሚቀጥሉት ክፍለ ጊዜዎች ይቀያየሩ። ቤታዲኑ፣ ሶዳው፣ ኖራውና የባትሪው ውሃ ከትምህርት ቤቱ በጀት እስከ መስከረም 20 ይገዙ፤ የጥላው ብረትም የታኅሣሡ ልኬት እንዳያመልጥ በዚያው ሳምንት ይተከል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳይንስ መምህራን፣ ድሬዳዋ