ፔስሜከር ያለው ሰው ቁጭ ይበል ያለው ማነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ፔስሜከር፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ተቀብሮ የልብን ምት ስለሚያስተካክለው ትንሽ መሣሪያ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። «ታካሚው ከከባድ እንቅስቃሴ መቆጠብ አለበት» ትላለች። ከባድ የሚባለው የቱ ነው? እስከ መቼ? ጽሑፉ በዚያው አለፈ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ፔስሜከር ተቀብሮልኛል። ልጆቼ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ቢያገኟት ግድግዳ ላይ ይሰቅሏታል። ውሃ ልቅዳ ብዬ ስነሳ እንኳ «እማዬ፣ አንቺ ቁጭ በይ!» ነው የሚሉኝ።

እገዳው እኮ ምክንያት አለው። የመሣሪያው ሽቦዎች በደም ሥር አልፈው ልብ ውስጥ ይገባሉ። ጫፋቸው እዚያ እስኪጸና ጊዜ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል በዚያ በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ አታንሱ፣ ከባድ ነገር አትሸከሙ የሚባለው። እንግዲህ የተከለከለው ክንድ ነው። እግር ምን አጠፋ? ሐኪሙ ከፈቀደ የእግር ጉዞ ቶሎ ይጀመራል። ክንዱም ቢሆን ጨርሶ አይታሰርም፤ ካልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል።

ማንም ያልነገረኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። የእኔ ችግር የልብ ምቴ ቀርፋፋ መሆኑ ብቻ አልነበረም፤ ስንቀሳቀስም አልጨምር ይል ነበር። ስለዚህ ፔስሜከሬ ሰውነቴ ሲንቀሳቀስ አውቆ ምቱን የሚያፈጥን ሴንሰር አለው። በእግሬ ስሄድ ጥሩ ይሠራል። የቤት ውስጥ ሳይክል ላይ ስወጣ ግን ጉድ ፈላ። እግሬ ይለፋል፣ ደረቴ ዝም ብሎ ተቀምጧል። መሣሪያው ሶፋ ላይ ያለሁ መስሎታል! ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ምቴ ንቅንቅ አላለም። ልጆቼ «አላልንሽም?» አሉ።

በክትትል ቀጠሮዬ ይህንኑ ተናገርኩ። ባለሙያው ኮሪደሩ ላይ ፈጠን ብዬ እንድመላለስ አደረገኝና በኮምፒውተሩ ሴንሰሩ ለእንቅስቃሴ ይበልጥ ንቁ እንዲሆን አደረገው። መርፌ የለ፣ መቅደድ የለ። ሳይክሉ ላይ አሁንም እንደ እግር ጉዞው አይሆንልኝም፣ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። እንቅስቃሴ ሳይሆን ትንፋሽን የሚለካ ሴንሰር ያላቸው መሣሪያዎችም እንዳሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። እንደ እኔ ባለው ሴንሰር፣ ደረጃ ሲወርዱ ምት ደረጃ ሲወጡ ካለው ይልቅ ሊፈጥን ይችላል። አስቂኝ ነው፤ ቁልቁል ሲወረድ ሰውነት ይበልጥ ይነቀነቃላ።

አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። የእሱ ልብ ምቱን በራሱ ያፈጥናል፤ የተቋረጠው ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው የሚሄደው መልእክት ነው። ፔስሜከሩ መልእክቱን ያደርሳል፣ ግን እስከ ተሞላለት ጣሪያ፣ ማለትም እስከ ከፍተኛው የምት መጠን ድረስ ብቻ። ጣሪያው በደቂቃ 120 ወይም 130 ላይ ከሆነ ለሚሮጥ ሰው ያንሳል። ከዚያ ሲያልፍ መሣሪያው አንዳንዱን ምት መዝለል ይጀምራል። ባልደረባዬ እየሮጠ ድንገት ጉልበቱ ይከዳው የነበረው ለዚህ ነው። ትሬድሚል ላይ ተፈትኖ ጣሪያው ከፍ ተደረገለት። እስከዚያ ግን ሁሉም «ዕድሜ ነው» ይለው ነበር።

አደጋ የለም እያልኩ አይደለም። ቦክስና ትግል፣ መሣሪያውን ሊመታ የሚችል ነገር ሁሉ ይቅር። ከባድ ብረት ከራስ በላይ መግፋት ሽቦውን ሊጎዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ፈቃድ አይነካም። ስልክ በደረት ኪስ ይዞ መሮጥም አይመከርም፤ ከመሣሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ራስ ካዞረ ወይም ደረት ከተወጋ ማቆም ነው። ሌላ የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ልብን በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ትክክለኛ ምቱ የሚመልሰው መሣሪያ የተቀበረለት ሰው መመሪያው ከእኛ ይለያል።

ለሚፈሩት አንድ ነገር ልጨምር። በ1958 ስዊድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፔስሜከር የተቀበረለት አርነ ላርሰን የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ነበር የተበላሸበት። ሰውዬው ግን ከ20 በላይ መሣሪያ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖረ። መሣሪያውን የሠራውንም መሐንዲስ፣ የቀበረለትንም ሐኪም ቀብሮ ነው በ86 ዓመቱ ያረፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እባካችሁ በሚቀጥለው ዕትም የልብ ሐኪም ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን የሚያስተካክለውን ባለሙያም ጋብዙልን። ታካሚው ሴንሰሩ ምን እንደሚለካ፣ ጣሪያው ስንት ላይ እንደተሞላ፣ የሚሠራው ስፖርትም መዝገቡ ላይ መጻፉን ቀጠሮው ላይ እንዴት ይጠይቅ? ይህን ይመልሱልን።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የስፖርት መምህርት