ያረጀ የገበያ ማዕከልን ከፍቶ የእግረኛ ሰፈር ስለማድረግ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ደሴ

ጤና ይስጥልን። የሕንፃ ባለቤቶችም ሱቅ ተከራዮችም ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ «ያረጀውን የገበያ ማዕከል መስታወቱን ቀይረን አሉሚኒየም ብናለብሰው ገበያተኛ ይመለሳል ወይ?» መልሳችን አይመለስም ነው። ማዕከሉ የተዳከመው መልኩ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ የሱቆቹ በር ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ነው። በመንገዱ የሚያልፍ እግረኛ የሚያየው አንድ ትልቅ በር፣ አንድ ጥበቃና ጨለማ ኮሪደር ነው። ስለዚህ የምንመክራችሁ ኮሪደሩን ከፍታችሁ ሰማይ የሚታይበት መንገድ እንድታደርጉት፣ ሱቆቹም ፊታቸውን ወደዚያ እንዲያዞሩ ነው።

ይህ በሌላም አገር ተሠርቶበታል። በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ሌክውድ ከተማ ውስጥ በ1966 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቪላ ኢታሊያ የገበያ ማዕከል በ2001 ተዘግቶ አብዛኛው ፈረሰ፤ በ2004 ቦታው ቤልማር ተብሎ፣ በመንገድ የተከፋፈሉ ትንንሽ ብሎኮችና ፎቃቸው ላይ መኖሪያ ያላቸው ሱቆች ሆኖ ተከፈተ። እነሱ ግን ሰፊ ሜዳ ነበራቸው። እኛ ያለነው ጦሳ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ነው።

ተዳፋቱ ከታወቀበት ሀብት ነው። ደሴ ላይ ከታች በኩል ሦስት ፎቅ የሚመስል ሕንፃ ከላይ በኩል ሁለት ፎቅ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። የላይኛውን መንገድ በአጭር ድልድይ ከፎቁ ጋር ብታገናኙት ሁለት «ግራውንድ» ታገኛላችሁ፤ ፎቅ ላይ ሆኖ ገበያ የራቀው ሱቅም በር ላይ ይሆናል። ለዚህ መጀመሪያ የቦታው ከፍታ በሰርቬየር ይለካ። የእግረኛው መንገድ በአንድ ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ባይወርድ ጥሩ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆነው ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው መወጣጫ፣ በ12 ሜትር 1 ሜትር ነው የሚወጣው፤ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ከፍታ 1.5 ሜትር ማረፊያ ሲጨመር ለአንድ ሜትር ከፍታ 13.5 ሜትር ርዝመት ትፈልጋላችሁ። ይህ ቀድሞ ካልታሰበ በኋላ የሚገባበት ቦታ አይኖርም። ደረጃው ቁመቱ 15፣ መርገጫው 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ እቃ ተሸክመው የሚወጡ እናቶች ልዩነቱን በጉልበታቸው ያውቁታል።

በሱቆቹ መካከል 6 ሜትር ስፋት ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ 4 ሜትሩ ለእሳት አደጋ መኪና ምንጊዜም ነፃ መሆን አለበት። ኮብልስቶን እንወዳለን፣ ነገር ግን መሃል ላይ 2 ሜትር ያህል ለጋሪና ለከዘራ የሚመች ልሙጥ ንጣፍ ይኑር።

ውሃው ነው ብዙ ሥራ የሚያበላሸው። በ1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 50 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል፤ በሴኮንድ ወደ 14 ሊትር ማለት ነው። ለዚህ ቢያንስ አራት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያስፈልጋል፤ ቱቦዎቹም እግረኛው ላይ ሳይሆን ዲች (የውሃ መውረጃ ቦይ) ውስጥ መግባት አለባቸው። የዲቹ ክዳን ፍርግርግ ክፍተት ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ የጫማ ተረከዝና የከዘራ ጫፍ ይይዛል። እቃ የሚያራግፍ አይሱዙ በሚያልፍበት በኩል ክዳኑ ለመኪና ክብደት ተሰልቶ ካልተሠራ በጥቂት ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ቆሻሻ ይገባበታል፣ ክረምት ሲመጣም ውሃው ሱቅ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ብሎኬት ግድግዳ ይነሳል፤ ሕንፃውን የሚሸከሙት ኮለን (ቋሚው ምሰሶ) እና ቢም (አግዳሚው) ግን በግምት አይነኩም። ሕንፃው ኤክስፓንሽን ጆይንት ካለው፣ ማለትም ሁለት ኮለን ጎን ለጎን ቆሞ መሃሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክፍት ከሆነ፣ መንገዱን እዚያ ላይ ማሳለፍ ይቀላል። ከሌለው ተያይዞ የሚሄድ ቢም ይቆረጣል፤ ያኔ የቀረው ጎረቤት ስፓን (በሁለት ኮለን መካከል ያለው የቢሙ ክፍል) መሃሉ ላይ የሚሸከመው ጫና ይጨምራል፣ የታችኛው ፌሮ ግን የታሰረው በድሮው ስሌት ነው። ማጠናከሪያው ከመቁረጡ በፊት ይሠራል እንጂ በኋላ አይሆንም። የኮንክሪቱን ጥንካሬ በሽሚት ሀመር (ገጹን መትቶ በሚነጥር መሣሪያ) ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» የሚላችሁን አትመኑ፤ ያረጀ ኮንክሪት ገጹ በካርቦኔሽን፣ ማለትም ከአየሩ በሚገባበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ስለሚጠነክር መሣሪያው ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ኮር ናሙና፣ ማለትም ከኮንክሪቱ ተበስቶ የሚወጣ ድብልብል ቁራጭ፣ ወጥቶ በላቦራቶሪ ይሰበር።

ግራውንዱን ሁሉ መስታወት ማድረግም አደጋ አለው። ከላይ ያሉት ፎቆች በብሎኬት ታስረው ግትር ሲሆኑ የታችኛው ብቻውን ይላላል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ጉዳቱ እዚያ ላይ ይከማቻል። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከደሴ በስተደቡብ ያለው የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። ስለዚህ የተወሰኑ ግድግዳዎች በአርማታ ተተክተው ይቀራሉ፤ ሱቃችሁ በአንድ ጎን ቢደፈን ምክንያቱ ይህ መሆኑን ተረዱልን።

ፎቁን መኖሪያ ወይም ክሊኒክ ካደረጋችሁት ምሽትም ሰው ይኖራል። ነገር ግን ለእነሱ ውሃ የሚይዘው ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፤ አምስቱን አንድ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ላይ መደርደር ያልታሰበ 10 ቶን መጫን ነው። ሮቶዎቹ ኮለን ባለበት ላይ ይቀመጡ።

ቁፋሮ ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ በልግ አለ፣ ቀጥሎም ክረምት። ሱቆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይዘጉም፤ በሦስት ዙር ይከፈላሉ፣ ተራው የደረሰው ነጋዴ መኪና ማቆሚያው ላይ በቆርቆሮ በሚሠራ ጊዜያዊ ሱቅ ይቆያል። አንድ መኪና ከመተላለፊያው ጋር 25 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ያ 4 በ6 የሆነ ሱቅ ነው። የምትመለሱበት የሱቅ ቁጥር፣ ስፋቱና ኪራዩ ግን አንድም ግድግዳ ሳይፈርስ በጽሑፍ ይፈረም። የየሱቁ ቆጣሪ የሚዛወርበትም ቀን እዚያው ይግባ።

ለመጀመሪያው ምክክር ስትመጡ ካርታውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና ከተገኘ የስትራክቸር ፕላኑን ይዛችሁ ኑ። ፕላኑ ከጠፋ ፌሮው በመሣሪያ ስለሚፈለግ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

ከአክብሮት ጋር