የታተመ ጥለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወሎ ውስጥ ስለ ዓለም ገበያ ሲወራ የሚነሳው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። እሱማ አሜሪካ ኢትዮጵያን በ2014 ከአጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስታስወጣ ብዙ ተባለለት። ስለ ደሴ ሸማኔዎች ግን ማን ጻፈ?

የሐበሻ ቀሚስ በእጅ ሲሸመን ቀናት ይፈጃል። ዛሬ ጥለቱን አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ ጨርቅ ከቻይና ይገባል፤ ዋጋውም አይገናኝም። ገዢውን አልወቅስም፣ ኑሮውን ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያናድደኝ የታተመው ጨርቅ «የሽመና ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው። ይሄ ውድድር ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ሸማኔው ራሱም ቢሆን ከዓለም ገበያ አላመለጠም። የሚያብረቀርቀው የጥለት ክር የሚመጣው ከውጭ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ትልቁ አስመጪ ባንክ ሄዶ ይበደራል። ሸማኔው ምን ያስይዛል? መወርወሪያውን? ያለው እቁብ ብቻ ነው።

ድንበር ዝጉ አልልም፤ ውጭ ያሉ ወገኖቻችንም የእጅ ሥራ ይፈልጋሉ። የንግድ ቢሮው ግን በእጅ የተሸመነውንና የታተመውን የሚለይ ምልክት በየጨርቁ ላይ ያስገድድ። ክር በጋራ ለሚገዙ ማኅበራትም ያለ ቤት መያዣ ብድር ይፈቀድ።

አንድ የደሴ አንባቢ