የታመመ ባልደረባችን ስም በየቢሮው አይዙር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ናችሁ? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መስሪያ ቤት መዋጮ ነው። ሰው ሲታመም፣ ቤቱ ሲቃጠል፣ ድንገት የሆነ ነገር ሲደርስበት እርስ በርስ ስለምናዋጣው ብር ማለቴ ነው። ማዋጣቱን እናዋጣለን፣ በዚህ አንታማም፣ ግን የምናዋጣበት መንገድ የተቸገረውን ሰው እያሳቀቀው ነው እና ይሄ ነገር ቢስተካከል ብዬ ነው።

መስሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ወረቀት ላይ «ለባልደረባችን ለእገሌ ሕክምና የተደረገ መዋጮ» ተብሎ ይጻፋል፣ ከሥሩ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የብር መጠን፣ ፊርማ። ከዛ ወረቀቱ ከፎቅ ፎቅ ይዞራል። ኃላፊው 2000 ከጻፈ ምክትሉ ከዛ ብዙ ዝቅ ማለት ያፍራል፣ እሱን ያየ ደግሞ እንደዛው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ጀማሪዋ ጸሐፊ ጋ ሲደርስ የወር ትራንስፖርቷን ጽፋ ትፈርማለች ምክንያቱም ስሟ እዛ ላይ በትንሽ ብር መታየቱን አትፈልግም። የታመመው ሰው በበኩሉ ምን እንደታመመ፣ ሚስቱ ምን እንዳለች፣ ስንት እንደጎደለው ሕንጻው ሙሉ ይሰማል። አሁን ደሞ የቴሌግራም ግሩፕ መጣ፣ አልጋ ላይ የተኛበት ፎቶ ከነግሉኮሱ ከባንክ ሂሳብ ቁጥር ጋር ይለጠፋል። ያ ሰው ድኖ ሲመለስ በዛ ኮሪደር እንዴት እንደሚሄድ አስቡት።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ አንድ የመምሪያ ኃላፊ ኩላሊቱን ታሞ ዲያሊስስ በሳምንት ሦስት ጊዜ ታዘዘለት፣ ወረቀቱ ጠዋት ወጥቶ ከምሳ በፊት ሞላ። ደስ ይላል፣ ይገባዋልም። ከጥቂት ወራት በኋላ የሌሊት ጥበቃችን ልጁ ታመመችበት፣ ሆስፒታሉ ዲፖዚት ካልተያዘ አልጋ የለም አለው፣ የሱ ወረቀት ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቀረ። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣ ሰው ስለሆነ የሚያውቀው የለም፣ ወረቀቱን ይዞ የሚዞርለትም አልነበረም። በዚህ አካሄድ እርዳታው የሚሄደው ይበልጥ ወደተቸገረው ሳይሆን ይበልጥ ወደሚታወቀው ነው።

እድር አለ እንዳይባል እድር በአብዛኛው የሚደርሰው ስንሞት ነው፣ ድንኳኑም ብሩም የሚመጣው ያኔ ነው። የቁጠባና ብድር ማህበሩ ጥሩ ነው ግን ብድር ነው፣ ለታመመ ሰው ብድር መስጠት ማለት ሲድን ዕዳ ይዞ ይነሳ ማለት ነው። ጡረታው ከደመወዛችን 7 በመቶ ይቆረጣል ድርጅቱ 11 ይጨምራል፣ እሱም ግን ለዛሬ ማታ አይሆንም። የጤና መድህን አለ ብትሉ ደግሞ ለደመወዝተኛው የማህበራዊ ጤና መድህን አዋጅ 690/2002 ከወጣ በኋላ ይጀመራል ይጀመራል እየተባለ ስንት ዓመት ተጠበቀ፣ ገጠር ያለው ዘመዳችን በማህበረሰብ አቀፍ መድህን ካርዱን ይዞ ሲታከም እኛ ከኪሳችን ስንከፍል ኖርን። በዛ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን (1156/2011) እዩት፣ የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ማለትም ሕመሙ እየረዘመ ወጪው እየከበደ ሲሄድ ገቢው ይቆማል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የመድኃኒት ዋጋ የት እንደደረሰ ፋርማሲ የሄደ ያውቃል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሰው እስኪወድቅ ሳንጠብቅ በየመስሪያ ቤቱ ቋሚ የድንገተኛ ችግር ፈንድ እናቋቁም ነው። ከደመወዝ በየወሩ ግማሽ በመቶ ብቻ፣ 6000 የሚያገኝ 30 ብር፣ 40000 የሚያገኝ 200 ብር። 300 ሠራተኛ ያለበት ቦታ በአማካይ 50 ብር ቢደርስ በዓመት 180000 ብር ነው፣ አሠሪው የዛኑ ያህል ቢጨምር 360000። ማንም ማን ስንት ሰጠ ብሎ አያይም፣ በፔይሮል ያልቃል። ግን በጽሑፍ ፈቃድ ይሁን፣ ሕጉም ተቆራጭን የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማህበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት)፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፣ ያም ሆኖ በጠቅላላው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሳንጠየቅ የተቆረጠብን ጊዜ ስላለ ሰው ፎርም ሲያይ ይጠራጠራል፣ አይፈረድበትም፣ እና አልፈልግም ያለ ሰው ስሙ የትም መነሳት የለበትም።

አሰጣጡ ላይ ነው ብዙ ማሰብ ያለብን። ገንዘቡ ስጦታ ይሁን፣ የማይመለስ። ማመልከቻውን የሚያዩት ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፣ ሠራተኛው የመረጣቸው፣ የአመልካቹ የቅርብ አለቃ ያልሆኑ። አለቃ ከገባበት ሰው ችግሩን አይናገርም፣ ወይ ደግሞ ከአለቃው ጋ የተጣላ ይቀራል። ሆስፒታል ዲፖዚት የሚጠይቀው ሌሊት ሊሆን ስለሚችል ቃለ ጉባኤ እስኪያዝ ሳይጠበቅ የመጀመሪያዋ ብር በ24 ሰዓት ውስጥ በባንክ ትግባ፣ ደረሰኙ በኋላ ይመጣል። ለምን ለምን እንደሚሰጥ ጣሪያውም ስንት እንደሆነ ቀድሞ ይጻፍ። በዓመት አንዴ ደግሞ ከውጭ በመጣ ኦዲተር ታይቶ ስንት ሰው ተረዳ፣ ስንት ብር ወጣ የሚለው ይለጠፍ፣ ስም ሳይኖርበት።

አንድ ነገር በጣም አደራ፣ ጥበቃዎችና ጽዳት ሠራተኞች። ብዙ ቦታ የሚቀጠሩት በኤጀንሲ ስለሆነ በኛ ፔይሮል ላይ የሉም፣ ፈንዱ በፔይሮል ብቻ ከታሰረ መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። ትንሽ ነገር በእጃቸው ከፍለውም ቢሆን ይግቡ፣ ካልተቻለም የኛ መዋጮ ለነሱም ይድረስ።

አሠሪዎች ደግሞ ፈንድ አለላችሁ ብለው ከግዴታቸው እንዳይሸሹ። ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕክምናው በሕግ የአሠሪው ነው፣ ከሠራተኛው መዋጮ አንድ ብር መነካት የለበትም። «ደመወዙ ራሱ ሳይበቃ ምን መዋጮ» የሚሉም እውነት አላቸው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ካለም ቆየ። የደመወዙ ጥያቄ ይቀጥል፣ የጥበቃው ልጅ ግን ያ እስኪሆን አትጠብቅም።

ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም። አሜሪካ ሆም ዴፖ የሚባለው የግንባታ ዕቃ መደብር እንደነሱ አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ሆመር ፈንድ የሚባል አለው፣ ሠራተኛው ያዋጣል፣ ድርጅቱ ይጨምራል፣ አደጋ የደረሰበት ሠራተኛ አመልክቶ ይወስዳል፣ አይመልስም። እኛ ደግሞ ስናዋጣ ያደግን ሰዎች ነን፣ የጎደለን ሥርዓቱ ነው።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽንን (ኢሠማኮን) ሄዳችሁ አነጋግሩልን፣ ይሄ ነገር በኅብረት ስምምነት ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ የሠራተኛ ማህበር የሌለበት ቦታ ደግሞ በምን መልክ እንደሚቋቋም ይንገሩን፣ የሚሆን የመተዳደሪያ ደንብ ናሙና ካለም አትሙልን። እንዲህ ዓይነት ፈንድ ያላችሁ አንባቢዎችም ገንዘቡን በማን ስም ባንክ እንዳስገባችሁ፣ የታመመውን ሰው ምስጢር እንዴት እንደጠበቃችሁ በዚሁ ጋዜጣ ብትጽፉልን እኛ ጋ ለመጀመር የተዘጋጀን ሰዎች አለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ደመወዝተኛ፣ ከአዲስ አበባ