የቸርኬን ቀለም በእሳት አታስለቅቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የሞተር ሳይክላቸውን ቸርኬ ወይም ሻሲ ቤታቸው አስለቅቀው እንደገና ለመቀባት ለሚነሱ አንባቢዎች ይህን እንድታወጡልን እንጠይቃለን። በእሳትና በኮስቲክ ሶዳ የሚበላሸው ዕቃ ጎማ የሚሸከም ስለሆነ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ጨርቅ ቲነር ነክራችሁ ቅቡን እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ተራ ስፕሬይ ነው፤ በቲነር ይነሳል። ንክች ካላለ ፓውደር ኮት ሊሆን ይችላል። ይህ ቅብ በዱቄት ተነስንሶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ የተጋገረ ነው። ሲጋገር ውስጡ ስለሚተሳሰር ቲነር አያሟሟውም፤ ሲሞቅም ይለሰልሳል እንጂ ተመልሶ አይቀልጥም። በደንብ ከያዘና ካልተነፋ ግን ማስለቀቁ ከንቱ ድካም ነው፤ በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አደብዝዞ በላዩ መቀባት ይበቃል።

ቀጥሎ ማግኔት አስጠጉበት። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ ብዙ ጊዜም ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። ከሰል ላይ ወይም በጋዝ ችቦ ሲለበለብ ያ ጥንካሬ ይሄዳል። አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። ቸርኬው መልኩን እንደያዘ ይለሰልስና ጉድጓድ ሲገባ ይጎብጣል ወይም ይሰነጠቃል።

ኮስቲክ ሶዳም አሉሚኒየምን ራሱን ይበላል። ከውስጡ የሚፈላው አረፋ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ነው። ኩሽኔታው ተጨንቆ የሚገባበት መቀመጫ በጥቂቱም ቢበላ ኩሽኔታው ቦታው ላይ መዞር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቸርኬው ተጣለ ማለት ነው። አሲድ ደግሞ ሞላና ጠንካራ ቡሎን ውስጥ ሃይድሮጅን አስገብቶ ሊያሰባብራቸው ይችላል።

ለቤት የሚሻለው ቤንዚል አልኮል ያለበት ማስለቀቂያ ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። ኩሽኔታ፣ የዘይት ማገጃ ጎማና የፍሬን ዕቃ በሙሉ ይውጣ። ማስለቀቂያው ከሥር እንዲገባ ቅቡን በ40 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ጫሩት። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አወፍራችሁ በአንድ አቅጣጫ ቀቡትና አትመላልሱበት። እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ሸፍኑት፤ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ሲደርስ ቅቡ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ይነሳል። በእንጨት መፋቂያ ጥረጉት፤ የቀረው ሁለተኛ ዙር ይፈልጋል። በብረት ሽቦ ብሩሽ አሉሚኒየምን አትፈትጉ፤ የብረት ብናኝ ይቀርበትና በኋላ ከቀለሙ ሥር ዝገት ያወጣል።

ሜቲሊን ክሎራይድ ወይም ዳይክሎሮሜቴን የተጻፈበት ቆርቆሮ በ20 ደቂቃ ያስለቅቃል። ሰውንም ይገድላል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለና የተዘጋ ቦታ ይሞላል፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባም ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) መታጠቢያ ገንዳ ሲያስለቅቁ የሞቱ 13 ሠራተኞች ተመዝግበዋል። በ2019 የአሜሪካ መንግሥት ለቤት ተጠቃሚ ቀለም ማስለቀቂያነት እንዳይሸጥ ከልክሎታል። የአቧራ ጭንብል ከዚህ አያድንም፤ ቀጭኑን የናይትራይል ጓንትም በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ቆዳ ይደርሳል። እኛ ቤት ውስጥ ጨርሶ አትጠቀሙበት እንላለን።

በአሸዋ ማስነፋት ለሻሲ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የወንዝ አሸዋ ብናኙ ሳንባ ያደርቃል። አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚጠቀም ቦታ ፈልጉ። የሻሲ ቁጥሩን በወፍራም ቴፕ ሸፍኑት፤ ከጠፋ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚያመሳክሩት ነገር አይኖርም። ቅቡ ሲነሳ የመሪው አንገት አካባቢ ያለውን ብየዳ በደንብ እዩ፤ ስንጥቅ ካለ ከመቀባቱ በፊት መጠገን አለበት።

የተራቆተ ብረት በዚያው ቀን በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ይቀባ። በክረምት በሰዓታት ውስጥ ቢጫ ዝገት ያወጣል። የተፋቀውን ቆሻሻ በቆርቆሮ ሰብስቡት፤ ፍሳሽ ውስጥ አይጣል፣ አይቃጠልም።

ሻጮችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ከትልቅ በርሜል ቀድታችሁ በውኃ ፕላስቲክ ስትሸጡ የማስለቀቂያውን ስም፣ የሚጎዳውን ብረትና ክፍት ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራበት መሆኑን በአማርኛ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ልጅ ውኃ መስሎት ሊያነሳው ይችላል።

የሞተር ሳይክል ጥገናና የቀለም ባለሙያዎች